ፈጥኖ ስለ ማብራት
በአዲስ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ የኮረንቲ መሥመር እንዴት እንደሚዘረጋ

የኮረንቲ ሥራ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው በቤታችን የምናየውን ነው፤ ይኸውም ማብሪያና ማጥፊያውን፥ ሶኬቱን፥ አምፖሉን፥ በደጅ የተሰቀለውን ቆጣሪ ነው። አንድ ሠራተኛ ፒንሳውንና ካቻቢቴውን ይዞ ይመጣል፤ ሽቦውን በቱቦ ውስጥ ይስባል፤ በናስትሮ ይጠቀልላል፤ በጥቂት ቀንም ቤቱ ይበራል። በትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ግን፥ ይልቁንም ስልክና ኮምፒዩተር፥ እንዲሁም የእነዚህ ሁሉ ሆድ ዕቃ የሆኑት ጥቃቅን ክፍሎች በሚሠሩበት ፋብሪካ ውስጥ፥ ይኸው ሥራ ሌላ መልክ አለው። ባለ ገንዘቡ ፋብሪካው በቶሎ ዕቃ እንዲያወጣለት ይፈልጋል፤ ኮረንቲ ደግሞ ሠራተኛው ቸኩሎ ነበር ብሎ ስሕተትን አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት እንደሚታረቁ ነው።

እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ነገሩን የተማርሁት ከፊዚክስ ትምህርታችን፥ በቤተ መጻሕፍት ካነበብሁት፥ ከሁሉም ይልቅ ከአጎቴ ነው። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ያህል በኤሌክትሪክ ሥራ የኖሩ ሰው ሲሆኑ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ መሥመር ከዘረጉት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ስለ ውጭ አገር ፋብሪካዎች ስናገር ዓመቱን የጻፍሁት በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስብልኝ እለምናለሁ።

በተለመደው አሠራር መጀመሪያ መሐንዲሱ ሥዕሉን ይጨርሳል፤ ከዚያ ግንበኛው ይሠራል፤ ከግንበኛው በኋላ የኮረንቲ ሠራተኛው ይገባል፤ በመጨረሻም መኪናዎቹ ይተከላሉ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። «ፋስት ትራክ» በሚባለው አሠራር ግን ሥራዎቹ ይደራረባሉ። የጣራው ሥዕል ሳያልቅ መሠረቱ ይቆፈራል፤ ግድግዳው ሳይቆም የኮረንቲው ዕቃ ይታዘዛል፤ በአዳራሹ አንድ ጫፍ መኪና ሲተከል በሌላው ጫፍ ጣራ ይለበጣል። ይህን ነገር እናቶቻችን ከመሐንዲሶቹ አስቀድመው ያውቁታል። ሠርግ ባለበት ቤት ጠጁ ከሁሉ በፊት ይጣላል፤ ጠላው ቀጥሎ ይጠመቃል፤ በርበሬው ቀደም ብሎ ተደልዞ ይሰጣል፤ እንጀራው ግን የሚጋገረው በዋዜማው ነው። የእንግዳው ቁጥር ገና ሳይታወቅ ጠጁ የሚጣለው ለምንድን ነው ቢሉ፥ ጠጅ እንደ እንጀራ በአንድ ሌሊት ስለማይደርስ ነው።

የኮረንቲ ሥራም የራሱ ጠጅ አለው፤ እርሱም ትራንስፎርመር ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር እንደ አምፖል ከሱቅ አይገዛም። ፋብሪካው በሚፈልገው ልክ ታዝዞ ይሠራል፤ የብረቱ እምብርት ይደረደራል፤ የመዳቡ ሽቦ ይጠመጠማል፤ ይደርቃል፤ በዘይት ይሞላል፤ ይፈተናል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በዓለም ላይ ፈላጊው እጅግ ስለ በዛ፥ በብዙ አገር ትልልቆቹን ለማግኘት ከሁለት ዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ሆኖአል። ዋናውን የኮረንቲ መቆጣጠሪያ ሣጥንና ትልቁን ጄኔሬተርም እንዲሁ ቀደም ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሕንፃው ራሱ ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ እንዲያልቅ ከተፈለገ፥ ትራንስፎርመሩ መታዘዝ ያለበት የመጀመሪያው አካፋ መሬት ከመንካቱ በፊት ነው።

ችግሩ በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ስንት መኪና እንደሚኖረው ገና በትክክል አለመታወቁ ነው። መሐንዲሱ ዝርዝሩን ሳያይ ልኩን መገመት አለበት። ቢያሳንሰው ፋብሪካው ጥማት ይይዘዋል፤ ቢያበዛው ብዙ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱ ጉዳቶች እኩል አይደሉም። የበዛው ነገ በሚጨመሩ መኪናዎች ሊሞላ ይችላል፤ ያነሰው ግን ሌላ ሁለት ዓመት ያስጠብቃል። ስለዚህ ብልህ መሐንዲስ ጥቂት ከፍ አድርጎ ያዝዛል፤ ለሁለተኛ ትራንስፎርመርም ባዶ ቦታና ባዶ ቱቦ ከመጀመሪያው ትቶ ያልፋል። ቱቦ ርካሽ ነው፤ የተለሰነውን ወለል እንደገና መስበር ግን ርካሽ አይደለም።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ሁለት ፋብሪካዎችን ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የሁለቱም ባለቤት ዋናው የታይዋን ኩባንያ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ነው። አንደኛው በጃፓን በኩማሞቶ አውራጃ፥ ኪኩዮ በምትባል ከተማ ይገኛል። ሥራው በሚያዝያ 2022 ተጀመረ፤ ካጂማ የተባለው የጃፓን ሥራ ተቋራጭ ሠራተኞቹን ቀንና ሌሊት እያፈራረቀ ገነባው፤ በየካቲት 24 ቀን 2024 ተመረቀ። ይህም 22 ወር ያህል ነው። ዕቃውን በብዛት ማውጣት የጀመረው ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ሕንፃ መመረቁና ፋብሪካ መሥራቱ አንድ ነገር እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። በመካከሉ ያሉት ወራት መኪናዎቹ እየገቡ ከኮረንቲው፥ ከውኃውና ከጋዙ ጋራ የሚያያዙባቸው ናቸው።

ሁለተኛው ፋብሪካ በአሜሪካ በአሪዞና ክፍለ ግዛት፥ በፊኒክስ ከተማ ነው። ሐሳቡ በግንቦት 2020 ተነገረ፤ ግንባታው በ2021 ተጀመረ፤ በ2024 ማምረት እንዲጀምርም ታቀደ። ነገር ግን በሐምሌ 2023 በዚያን ጊዜ የኩባንያው ሊቀ መንበር የነበሩት ማርክ ሊዩ፥ እንዲህ ባለ ፋብሪካ ውስጥ መኪናዎችን ለመትከል የሚችሉ የሠለጠኑ ሠራተኞች በበቂ ስላልተገኙ ማምረቱ ወደ 2025 እንደሚተላለፍ አስታወቁ። ከታይዋን ልምድ ያላቸውን ሰዎች ለማምጣትም አሰቡ። የአሪዞና የግንባታ ሠራተኞች ማኅበራት በዚህ ተቆጡ፤ ክርክር ተነሣ፤ በታኅሣሥ 2023 ሁለቱ ወገኖች ስለ ሥልጠናና ስለ ሥራ ደኅንነት ተስማሙ። በመጨረሻም ፋብሪካው በ2024 የመጨረሻ ወራት ማምረት ጀመረ። የመዘግየቱ ምክንያት ይህ አንድ ብቻ ነው አልልም፤ የሁለቱ አገሮች ሕግና ልማድም ይለያያል። ነገር ግን በዓለም ከታወቁት ሀብታም ኩባንያዎች አንዱ ገንዘቡ ሞልቶ ሳለ በሙያተኛ እጅ እጥረት ቆሞ መጠበቁን ወላጆቻችን ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ከመካከላችን ወደ ቴክኒክ ትምህርት መሄድ የሚፈልግ ሲኖር በቤቱ የሚሰማውን ሁላችንም እናውቃለንና።

አሁን ወደ ፋብሪካው ውስጥ እንግባ። የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በኩማሞቶና በአሪዞና እንዳሉት ቺፑን ራሱን ከሲሊኮን የሚሠራው ነው። ሌላው ደግሞ የተሠሩትን ቺፖች በሰርኪት ቦርድ ላይ አስቀምጦ ስልክ ወይም ሬዲዮ አድርጎ የሚገጣጥመው ነው፤ አጎቴ የሠሩበት ከዚህኛው ወገን ነው። በመገጣጠሚያው አዳራሽ መኪናዎቹ እንደ ባቡር ፉርጎ ተከታትለው ይቆማሉ። የመጀመሪያው እንደ ሊጥ የላመውን ብየዳ በቦርዱ ላይ ያትማል፤ ሁለተኛው ጥቃቅኖቹን ክፍሎች በአየር እየሳበ በፍጥነት ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው ረጅም ምድጃ ነው። ቦርዱ በምድጃው ውስጥ በሰንሰለት ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ያልፋል። እርሳስ የሌለበት ብየዳ በ217 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ምድጃውም እስከ 245 ዲግሪ ያህል ያደርሰዋል።

ይህ ምድጃ ለኮረንቲ ሠራተኛው ብዙ ነገር ያስተምረዋል። ከቀዝቃዛነቱ ሲነሣ እጅግ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ከሞቀ በኋላ ግን የሚስበው በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ አምስት ምድጃ ያለው ፋብሪካ አምስቱን በአንድ ጊዜ ጧት እንዲያስነሣ ተብሎ መሥመር ቢዘረጋለት ብዙ መዳብ በከንቱ ይባክናል፤ አንዱን ከሌላው ሃያ ደቂቃ እያዘገዩ ማስነሣት ይሻላል። እንደዚሁም ኮረንቲ በድንገት ቢጠፋ ሰንሰለቱ ቆሞ በውስጡ ያሉት ቦርዶች ይቃጠላሉ። በዚህ ምክንያት ማሞቂያው በተራው መሥመር ላይ፥ ሰንሰለቱና ኮምፒዩተሩ ግን ባትሪ ባለው መሥመር ላይ ይደረጋሉ። በአንድ መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ኮረንቲ መግባቱን ያልተረዳ ሠራተኛ መሥመሩን ምንም አሳምሮ ቢዘረጋው ጥቅም የለውም።

በቺፕ ፋብሪካማ ነገሩ ከዚህ የባሰ ነው። በታኅሣሥ 2010 በጃፓን በዮካይቺ ከተማ ባለው የቶሺባ ፋብሪካ ውስጥ ቮልቴጁ ለ0.07 ሴኮንድ ብቻ ዝቅ አለ። ይህ ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ ከሚበቃው ጊዜ ያነሰ ነው። ኩባንያው ግን በዚህ ምክንያት በተከታዮቹ ሁለት ወራት የሚያወጣው ዕቃ እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስታወቀ። በዚያ አካባቢ ኮረንቲው በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ፥ 0.07 በ60 ብናባዛው 4.2 ይሆናል፤ አራት ምልልስ ያህል ብቻ ማለት ነው። ሴሚ ኤፍ 47 በሚባለው ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ መኪና ቮልቴጁ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ለ0.2 ሴኮንድ ሳይቆም መሥራት አለበት። ስለዚህ በአዲስ ፋብሪካ ውስጥ የትኛው መኪና ይህን ፈተና እንዳለፈ፥ የትኛው ደግሞ በባትሪ መደገፍ እንዳለበት መሥመሩ ከመዘርጋቱ በፊት ይጠየቃል።

60 ያልሁትን በአገራችን 50 የለመደ አንባቢ ተጠራጥሮ ይሆናል። ጃፓን ሁለቱንም ትጠቀማለች። ቶክዮ በ1895 ዓመት የገዛቻቸው የጀርመን ጄኔሬተሮች ባለ 50 ነበሩ፤ ኦሳካ በማግሥቱ ዓመት ከአሜሪካ የገዛቻቸው ባለ 60 ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ምሥራቁና ምዕራቡ እንደ ተለያዩ ቀሩ። ይህ ወሬ ለእኛ ያለ ጥቅም አይደለም። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ላይ ቢቀጠል ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፤ ቮልቴጁም ካልተቀነሰለት ይግላል። አጎቴ አዲስ መኪና ከሣጥኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያዩት ቀለሙን ሳይሆን በጎኑ የተለጠፈችውን ትንሽ ቆርቆሮ ነው፤ ስንት ቮልት፥ ስንት ምልልስ፥ ስንት ፌዝ፥ ስንት አምፔር እንደሆነ በደብተራቸው ጽፈው ነው ሌላውን የሚቀጥሉት።

ታዲያ ፍጥነቱ ከየት ይመጣል? ሠራተኛው እጁን በማፋጠኑ አይደለም። ሰው በመሰላል ጫፍ ላይ ቆሞ፥ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ፥ በአቧራ ውስጥ ሽቦ ሲላጭ ይዘገያል፤ ይሳሳታልም። ያንኑ ሽቦ በወገቡ ልክ በሆነ ጠረጴዛ ላይ፥ በመልካም ብርሃን ቢሠራው ሥራው ይቀላል። ስለዚህ ግንበኛው ግድግዳውን ሲያቆም፥ ሌላ ቦታ ባለ ወርክ ሾፕ ውስጥ ሽቦው በልኩ ይቆረጣል፤ ጫፉ ይታሰራል፤ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ሰሌዳው ይገጠማል፤ ይፈተናል። ጣራው እንደ ተከደነ ሁሉም በጭነት መኪና መጥቶ ይሰቀላል። አንዳንዴማ የኮረንቲው ክፍል በሙሉ እንደ ኮንቴይነር ሆኖ ውጭ ተሠርቶ ይመጣና በተዘጋጀለት መሠረት ላይ ይቀመጣል። ይህ እንዲሆን ግን ሥዕሉ እውነተኛ መሆን አለበት። የአየር ቱቦውና የኮረንቲው መሰላል በአንድ ቦታ ላይ ቢጋጩ ውጭ የተሠራው ሁሉ አይገጥምም። ዛሬ ይህን ግጭት ሕንፃውን በኮምፒዩተር ላይ አቁመው ከወዲሁ ይፈልጉታል፤ በእርሳስ ከማጥፋት በመጋዝ መቁረጥ ይከብዳልና።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ባስ ዌይ የሚባለው ነገር ነው። በተለመደው አሠራር ከማከፋፈያው ሰሌዳ ለእያንዳንዱ መኪና የየራሱ ገመድ ይሄዳል። መኪናው አሥር ሜትር ወዲያ ይሁን ከተባለ ገመዱ ያጥራል፤ አዲስ መሳብ ግድ ይሆናል። በፋስት ትራክ ሥራ ደግሞ መኪናዎቹ የሚቆሙበት ቦታ እስከ መጨረሻው ሳምንት ይለዋወጣል። ባስ ዌይ በብረት ሣጥን ውስጥ የታሸጉ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንጎች ሲሆን፥ እየተቆራረጠ መጥቶ በአዳራሹ ርዝመት በላይ በኩል ይቀጣጠላል። በየተወሰነ ርቀት መስኮት አለው፤ መኪናው በቆመበት ቦታ ትይዩ ባለው መስኮት ላይ ብሬከር ያለበት ትንሽ ሣጥን ይሰካና ኮረንቲ ይወርድለታል። መኪናው ቢዛወር ሣጥኑ ተነቅሎ ይከተለዋል። እንግዲህ ሠራተኛው የመኪናዎቹን ቦታ ሳይጠብቅ ዋናውን ሥራ ይጨርሳል ማለት ነው። ይህ ብልሃት ከገመድ ይልቅ ውድ ቢሆንም ያልታወቀውን ነገር ወደ መጨረሻ በማስተላለፉ ዋጋውን የሚመልስ ይመስለኛል።

ርቀትን በሚመለከት በክፍል የተማርነውን ስሌት እዚህ ላይ እናምጣው። አንድ መኪና ከሰሌዳው 60 ሜትር ርቆ፥ በ220 ቮልት ላይ 30 አምፔር ይስባል እንበል። ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ ሽቦው 120 ሜትር ነው። የመዳብ ሬዚስታንስ ለአንድ ሜትርና ለአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 0.0175 ኦም ነው። ሽቦው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.0175 በ120 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 0.35 ኦም ይሆናል። ይህን በ30 ብናባዛው 10.5 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ከመቶ 4.8 ያህል ነው። ባለ 10 ሽቦ ብናደርገው ግን ሬዚስታንሱ 0.21 ኦም፥ የሚጠፋው 6.3 ቮልት፥ ከመቶም 2.9 ብቻ ይሆናል። ባለ 6 ሽቦው በሙቀት የሚያባክነው ኃይል 315 ዋት ሲሆን ባለ 10 ሽቦው 189 ዋት ነው። ሥራ ሲጣደፍ «በእጃችን ያለውን እንሳብ» የሚል አይጠፋም፤ ቁጥሩ ግን በየቀኑ ፋብሪካው እስካለ ድረስ ይከፈላል።

ሌላው የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ልዩ ጠባይ በሰው ገላ ላይ የሚከማቸው ኮረንቲ ነው። በበጋ ሌሊት፥ በጨለማ ሹራባችንን ስናወልቅ ቋ ቋ እያለ ሲበራ ሁላችንም አይተናል። ሰው ይህን ብልጭታ በጣቱ ለመስማት 3000 ቮልት ያህል ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት ባነሰ ይሞታል። ይህም ማለት ሠራተኛዋ ምንም ሳይሰማት መቶ ስልክ ልትገድል ትችላለች ማለት ነው። ፈታኞች የሰውን ገላ በ1500 ኦም ይመስሉታል፤ 3000 ቮልት ለ1500 ሲካፈል 2 አምፔር ይመጣል። ጊዜው ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ስለ ሆነ ሰውን አይጎዳም፤ ለቺፑ ግን መብረቅ ነው።

ስለዚህ ወለሉ ኮረንቲን ቀስ አድርጎ የሚያስተላልፍ ይደረጋል፤ ሠራተኞቹም ከመሬት ጋራ የተያያዘ አምባር በእጃቸው ያደርጋሉ። ይህን ስሰማ አንድ ነገር አስፈራኝ፤ ከመሬት ጋራ የታሰረች ሴት በስሕተት 220 ቮልት ብትነካ አትሞትምን? አጎቴን ብጠይቃቸው «ራስሽ አስይው፤ በአምባሩ ውስጥ 1 ሚሊዮን ኦም አለ» አሉኝ። 220 ለ1 ሚሊዮን ሲካፈል 0.00022 አምፔር ነው፤ ሰው ሊሰማው ከሚጀምርበት ከሺኛ አምፔር ገደማ በታች ነው። አምባሩ የተጠራቀመውን ያወርዳል፤ በአምባሩ በኩል የሚያልፈው ግን ለመግደል አይበቃም። በእርግጥ እጇ ሌላ ብረት ከነካ ይህ ጥበቃ የለም፤ ለዚያ በ30 ሺኛ አምፔር ልዩነት መሥመሩን የሚቆርጥ ብሬከር ይደረጋል። የወለሉ፥ የአምባሩ፥ የመኪናውና የሕንፃው መሬት ሁሉ በአንድነት መታሰር አለባቸው። አንዳንዱ ለመኪናው «ንጹሕ መሬት» ብሎ ለብቻው ዘንግ ይቀብራል፤ መብረቅ ሲወርድ ወይም ሽቦ ሲነካ በሁለቱ መሬቶች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠርና ያ ልዩነት በሰውዬው ወይም በመኪናው ውስጥ ያልፋል።

እስካሁን የተናገርሁት ሊፋጠን ስለሚችለው ነው። የማይፋጠነውም አለ፤ ከእርሱ አንዱ መጋጠሚያ ነው። በአንድ ትልቅ መጋጠሚያ 400 አምፔር ያልፋል እንበል። ብሎኑ በሚገባ ከጠበቀ ሬዚስታንሱ 0.00001 ኦም ቢሆን የሚወጣው ሙቀት 1.6 ዋት ነው፤ ማንም አያውቀውም። ብሎኑ ላልቶ ሬዚስታንሱ 0.001 ኦም ቢደርስ ግን 160 ዋት በአንድ ጡጫ በምታህል ቦታ ላይ ይወጣል። መጋጠሚያው ይግላል፤ ሲግል ይዝጋል፤ ሲዝግ ይብሱን ይግላል፤ ከወራት በኋላ እሳት ይነሣል። ስለዚህ ብሎን በእጅ ግምት ሳይሆን ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃል፤ ከጠበቀም በኋላ በቀለም መሥመር ይሰመርበታል። በአንዳንድ ባስ ዌይ ላይ ያለው ብሎን ደግሞ ሁለት ራስ አለው፤ ልኩ ሲደርስ የላይኛው ራስ ተሰብሮ ይወድቃል። ተቆጣጣሪው ከታች ቆሞ ቀና ብሎ ራሱ ያልወደቀ ብሎን ካለ ይቆጥራል።

ሁለተኛው የማይፋጠነው ሰው ነው። ሥራው ሲደራረብ የአዳራሹ እኩሌታ ኮረንቲ ይዞ፥ እኩሌታው ገና ባዶ ሽቦ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ በአንድ መሥመር ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ሰው ብሬከሩን አጥፍቶ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል፤ ስሙንም ያንጠለጥላል። አምስት ሰው ከሆነ አምስት ጓጉንቸር ይሆናል፤ የመጨረሻው እስኪፈታ ድረስ መሥመሩ አይበራም። የሌላውን ጓጉንቸር ማንም አይፈታም።

አጎቴ በሠሩበት ፋብሪካ አንድ ቀን ከውጭ እንግዶች መጡ፤ አንደኛው መሥመር በርቶ እንዲያዩም ተፈለገ። በሰሌዳው ላይ የቀሩት ሁለት ጓጉንቸሮች ነበሩ፤ አንዱ የአጎቴ፥ ሌላው በጣራው ሥር ሽቦ ያስር የነበረ የአንድ ወጣት ሠራተኛ ነው።

«ጋሼ፥ እንግዶቹ በር ላይ ናቸው፤ እባክዎ ይፍቱልንና እናብራ» አላቸው ኃላፊው።

«የእኔን ይኸው ፈታሁ። የልጁን ግን እሱ ወርዶ ይፈታዋል።»

«ልጁማ ጨርሶ ሄዷል ይባላል። መጋዝ አምጡና ቁረጡት።»

«ሄዷል የሚባል ሰው አይበቃኝም፤ ልየው» አሉና ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ቆሙ። ኃላፊው ተቆጣ፤ ስለ ደመወዝም አንድ ነገር ተናገረ። ልጁ ሲፈለግ በአዳራሹ ጫፍ፥ ከአየር ቱቦው በላይ፥ የሦስቱንም ፌዝ ጫፍ ልጦ በእጁ ይዞ ተገኘ። ድምፅ አልሰማም ነበር። እንግዶቹ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቡና እየጠጡ ቆዩ። አጎቴን «ከሥራ ቢያስወጡዎትስ ኖሮ?» ብላቸው «ታዲያ ምን አለ፥ ሥራ ይገኛል» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት። ልጁ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው።

ሦስተኛው የማይፋጠነው ፈተናው ነው። መኪናዎቹ ከመያያዛቸው በፊት ሽቦው ሁሉ ሜገር በሚባለው መሣሪያ በ500 ቮልት ይፈተናል፤ በሽቦና በሽቦ፥ በሽቦና በመሬት መካከል ያለው ሬዚስታንስ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ኦም መሆን አለበት፤ አዲስና ደረቅ ሽቦማ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያሳያል። መኪናው ከተያያዘ በኋላ ይህን ማድረግ የመኪናውን ቺፖች መግደል ስለ ሆነ፥ ተራው አይገለበጥም። ቀጥሎ የሦስቱ ፌዞች ተራ ይታያል፤ ሁለቱ ቢለዋወጡ ሞተር ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራል፤ አየር መምጠጫው ይነፋል፤ አንዳንዱ ኮምፕረሰርም ይሰበራል።

የማብራቱ ቀን ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ብቻውን፥ ያለ ጭነት ይበራና ይደመጣል። በአገራችን ድምፁ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ እንጉርጉሮ ነው፤ ብረቱ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚሳብ ነው። ከዚያ ዋናው ሰሌዳ፥ ከዚያ ባስ ዌዩ፥ ከዚያ አንድ አንድ መኪና እየተባለ ይቀጥላል፤ በየደረጃው ቮልቴጁ ተለክቶ ይጻፋል። መኪናዎቹ በሙሉ ጭነት መሥራት ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ሙቀትን የሚያይ ካሜራ ይዘው መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ይዞራሉ። ከጎረቤቱ ይልቅ ደምቆ የሚታይ ብሎን ካለ መሥመሩ ጠፍቶ፥ ተቆልፎ፥ እንደገና ይጠብቃል።

የሚቀረው ሥዕሉ ነው። ሥራው ሲደራረብ ብዙ ነገር በቦታው ላይ ስለሚለወጥ፥ መጀመሪያ የተሳለውና የተሠራው አይመሳሰሉም። በአጎቴ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ለውጡን ሁሉ በዚያው ቀን በቀይ እርሳስ በወረቀቱ ላይ ያሰፍሩ ነበር፤ በመጨረሻ ተስተካክሎ ታተመና አንዱ ቅጂ በየሰሌዳው በር ውስጠኛ ኪስ ተቀመጠ። አጎቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ለጥገና ተጠርተው ሲሄዱ ሰሌዳውን ከፈቱ፤ ወረቀቱ ከነቁጥሩ እዚያው ነበር፤ የተበላሸውንም መሥመር በአሥር ደቂቃ አገኙት።